አንድ ዓመት ለባልንጀራ

በሰው ዕድሜ ውስጥ ለራሱም የማይሠራበት፥ ለሌላውም የማይታዘዝበት አንድ ጊዜ አለ ቢባል፥ ያ ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ጨርሶ ኮሌጅ እስኪገባ ድረስ ያለው ነው። የድሮው ደብተር ተዘግቷል፤ አዲሱ ገና አልተገዛም። እናት «ልጄ ትንሽ ይረፍ» ትላለች፤ አባት «እንግዲህ ምን ሊሆን ነው?» ይላል፤ ልጁ ግን በአልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ስለዚህ ጊዜ ነው። ይልቁንም ይህን ጊዜ ለክርስቲያናዊ አገልግሎት ልስጠው ብለው ለሚያስቡ ወጣቶችና ይህንኑ ሐሳብ ለሚፈሩ ወላጆቻቸው ከብዙ ዘመን መምህርነት ያተረፍሁትን ጥቂት ምክር ለማካፈል ነው።

በውጭ አገር ነገሩ የታወቀ ልማድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1958 አሌክ ዲክሰንና ባለቤቱ ሞራ በእንግሊዝ አገር የመሠረቱት የበጎ ፈቃድ ማኅበር በመጀመሪያ የላካቸው ሰዎች ሊቃውንት አልነበሩም፤ ትምህርት ቤት ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚጠባበቁ የ18 ዓመት ልጆች ነበሩ። ጥሪውም ለሕዝብ የተሰማው የፖርትስማውዝ ጳጳስ በጋዜጣ ባወጡት ደብዳቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ወደ አገራችን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሲበተኑ፥ ብዙዎቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ዛሬም በብዙ አገር ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶቻቸውን ከኮሌጅ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ሩቅ አገር ይልካሉ።

እኛ ግን ይህን ነገር ከሰው አገር የምንዋሰው አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ከእናቱ ቤት ወጥቶ ወደማያውቀው አገር ሲሄድ ዕድሜው ከዛሬዎቹ ፈተና ጨራሾች ያንስ ነበር። በየደጁ በእመቤታችን ስም እየለመነ፥ የውሻውን ጩኸት በበትሩ እየመከተ፥ ለመምህሩ ውሃ እየቀዳና እንጨት እየለቀመ ይማራል። ማንም ሰው «ይህ ልጅ ጊዜውን አባከነ» አይለውም ነበር። ምክንያቱም በዚያ መንገድ ላይ ዜማና ቅኔ ብቻ ሳይሆን፥ ከሰው ደጅ መቆምን፥ የተሰጡትን ተቀብሎ ማመስገንን፥ የተከለከሉትንም ሳይራገሙ ማለፍን ይማር ነበርና።

በኋለኛውም ዘመን ይህን የሚመስል ነገር አይተናል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ፥ አብዛኞቹን በአስተማሪነት ያሠራ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የደርግ መንግሥት በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ከሁለቱም ብዙ መልካም ሥራ ተገኝቷል፤ የከተማው ልጅ የገበሬውን ጎጆ ከውስጥ ያየው በዚያ ጊዜ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው የትምህርት ግዴታ ነበር፤ ሁለተኛውም የመንግሥት ትእዛዝ ነበር። በትእዛዝ የተሰጠ ዓመትና በፈቃድ የተሰጠ ዓመት አንድ አይደሉም። በትእዛዝ የሄደ ሰው የሚመለስበትን ቀን ይቈጥራል፤ በፈቃድ የሄደ ሰው ግን፥ እውነተኛ ፈቃድ ካለው፥ የጀመረውን ሥራ ይቈጥራል።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ዓመቱ ሳንፈልገው በእጃችን ላይ ይወድቃል። ለ2014 ዓ.ም. እና ለ2015 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በተሰጡት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዎች፥ ከ100 ተፈታኞች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት አራት እንኳ አልሞሉም። ከቀሩት አንዳንዶቹ በማካካሻ ትምህርት ሁለተኛ ዕድል አገኙ፤ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩት ግን በቤታቸው ቀሩ። ያለፉትም ቢሆኑ ውጤት በመጠበቅ፥ ምደባ በመጠበቅ፥ ጥሪ በመጠበቅ ብዙ ወራት አሳለፉ። እንግዲህ የባዕድ አገር ወጣት ፈልጎ የሚወስደውን ባዶ ዓመት የእኛ ልጅ ሳይፈልገው ይቀበለዋል። ጥያቄው ዓመቱን እንውሰድ ወይስ አንውሰድ አይደለም፤ በመጣብን ዓመት ምን እንሥራበት ነው።

ብዙ ወጣቶች አገልግሎት ሲባል ወደ ሩቅ ይመለከታሉ። ስለ ሚስዮናውያን ያነበቡት ሁሉ ባሕር የተሻገረ፥ በረሃ ያቋረጠ ነውና፥ በታክሲ ሄዶ የሚደረስበት ቦታ የመልእክተኛ አገር አይመስላቸውም። እኔ ግን ለአዲስ አበባ ልጅ የመጀመሪያው የአገልግሎት አገር ከተማዋን እንደ ቀለበት በከበቧት ከተሞች ነው እላለሁ። በጅማ መንገድ ሰበታ አለች፤ በአምቦ መንገድ ቡራዩ አለች፤ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ አለች። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ፋብሪካው እዚያ ነው፤ ከየክፍለ ሀገሩ እንጀራ ፍለጋ የመጣው የቀን ሠራተኛ የሚከራየው ቤት እዚያ ነው፤ አባቱ ጤፍ ያጭድበት በነበረው መሬት ላይ ልጁ የሰው ቤት ዘበኛ የሆነበት ቦታም እዚያ ነው። ዋና ከተማዋ ከገፈርሳ ግድብ ውሃ ትጠጣለች፤ ግድቡ ያለው ግን በቡራዩ በኩል ነው። ውሃውን የምንጠጣ ሰዎች በውሃው አጠገብ የሚኖረውን ሰው ስሙን አለማወቃችን የሚያሳስብ ነገር ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሦስት ወጣቶች በየጊዜው ወደ እኔ መጥተው ስለዚህ ዓመት ምክር ጠይቀውኛል። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሦስቱም ዛሬ በየሥራቸውና በየትምህርታቸው ላይ ናቸውና። ከሦስቱ ያየሁትን ግን እነግራችኋለሁ።

አንዱ ወደ ሱሉልታ ሄደ። አሸኛኘቱ ደስ የሚያሰኝ ነበር። ምእመናኑ ጸለዩለት፤ ጓደኞቹም የአገልግሎቱ ስም የተጻፈበት ነጭ ካናቴራ አሠርተው አለበሱት። ሥራው ለሠፈሩ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ ማስተማር ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አርባ ያህል ልጆች መጡለት፤ ፎቶግራፍም ተነሡ፤ ፎቶግራፉን ያየ ሁሉ አመሰገነው። ልጆቹ ግን በቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ከአማርኛ በቀር ሌላ የአገር ቋንቋ አያውቅም። ስለዚህ የሚላቸውን እየደገሙ ይጮኻሉ እንጂ ትርጉሙን አይዙም። የሱሉልታ ብርድ ለለመደው ቀላል ነው፤ ላልለመደው ግን አጥንት ይሰብራል። በሁለተኛው ወር አንድ አንድ ቅዳሜ መቅረት ጀመረ። በሦስተኛው ወር በአጎቱ ሱቅ ሥራ ተገኘለትና ሳይሰናበት ቀረ። ሁለት ቅዳሜ ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው በበሩ ላይ ሲጠብቁት ዋሉ። ይህን የነገረችኝ በዚያው በር አጠገብ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ናት። «ፊቱን ባይመጣ ኖሮ አይጠብቁትም ነበር» አለችኝ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ የዚህችን ሴት ቃል በልብህ ያዘው። ምንም አለመስጠት አንድ ጉድለት ነው፤ ሰጥቶ መንጠቅ ግን ሁለት ጉድለት ነው። ድኻ የሆነ ልጅ ብዙ ነገር ተስፋ ተሰጥቶት ብዙ ነገር የቀረበት ነው። አንተ ደግሞ በእግዚአብሔር ስም መጥተህ ተስፋ ሰጥተኸው በሦስተኛው ወር ብትቀር፥ የነጠቅኸው የእንግሊዝኛ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ በመጣህበት ስም ላይ ያለውንም እምነት ነው። በወንጌል የተነገረው ደጉ ሳምራዊ በቈሰለው ሰው ላይ ዘይቱንና ወይኑን አፍስሶ፥ አንሥቶም ወደ እንግዳ ማደሪያ ካደረሰው በኋላ ዝም ብሎ አልሄደም። ለማደሪያው ባለቤት ገንዘብ ሰጠ፤ ተመልሶም የጎደለውን ሊከፍል ቃል ገባ። ብዙ ሰባኪ ስለ ዘይቱ ይሰብካል፤ እኔ ግን ስለ መመለሱ እንዲሰበክ እወዳለሁ።

በዚያው በሱሉልታ በኩል የሚያልፈው የጎጃም መንገድ ወደ ደብረ ሊባኖስም ይወስዳል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት በሸዋ ምድር ያስተማሩና ያን ገዳም የመሠረቱ አባት መሆናቸውን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ብዙዎች የማያስታውሱት ግን ይህ ታላቅ ሐዋርያ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወርደው በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ለዓመታት በደቀ መዝሙርነት መታዘዛቸውን ነው። ከዚያም ወደ ላይ ብንሄድ፥ ጌታችን ራሱ በናዝሬት ከእናቱ ጋር ሲኖርና ሲታዘዝ የቈየው 30 ዓመት ያህል ነው፤ ያስተማረው ግን ሦስት ዓመት ያህል ነው። እንግዲህ የመላክ መጀመሪያው መታዘዝ ነው። ወደ ሱሉልታ የሄደው ወጣት የጎደለው ፍቅር አልነበረም፤ የሚያዝዘው ሰው ነው። በአካባቢው ከሚኖር አንድ መምህር ወይም አንድ ቄስ ወይም አንዲት የዕድር ሰብሳቢ ሥር ሆኖ ቢሠራ ኖሮ፥ የቀረበትን ቅዳሜ የሚጠይቀው፥ ቋንቋውንም የሚያስተረጕምለት ሰው ባገኘ ነበር።

ሁለተኛዋ ወደ ቡራዩ የሄደች ልጅ ናት። የፈተናው ውጤት አልበቃትም፤ ለቤቱም የበኵር ልጅ ናት። አባትዋ ሹፌር ናቸው፤ ልጅቱ ለአንድ ዓመት ለማገልገል እንደምትፈልግ በነገረቻቸው ጊዜ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉ። ተቈጡ፤ ቍጣቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከእርስዋ በታች ሦስት ልጆች አሉ፤ የቤት ኪራይ አለ፤ የአባትዋም ዐይን እየደከመ ነው። ወደ እኔ ስትመጣ አባቷን እንድገሥጽላት ፈልጋ ነበር። እኔ ግን አባትሽ ልክ ናቸው አልኋት። «የራስዋ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት የተነገረው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። በቤትዋ ያለውን ችግር ረግጣ ለሌላ ችግር የምትሄድ ነፍስ፥ ሩቅ ያለው ችግር ቀላል ሆኖ የታያት እንዳይሆን ራስዋን ትመርምር።

ሦስታችን ተቀምጠን ተነጋገርን። በመጨረሻ የተስማማንበት ነገር ይህ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ተቀጥራ ደመወዝዋን ለአባትዋ ታስረክባለች፤ ከሰዓት በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ጧሪ ያጡ አሮጊቶችን ትረዳለች፤ ማታ ማታ ፈተናውን እንደገና ለመውሰድ ታጠናለች። ይህ አከፋፈል ከባድ ነበር፤ ነገር ግን ያለ አባት ምርቃት ከተሰጠ ሙሉ ቀን በምርቃት የተሰጠ ግማሽ ቀን ይበልጣል።

ከምትረዳቸው ሴቶች አንዲቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ አሮጊት ነበሩ። ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን ልብሳቸውን አጠበች፤ ቤታቸውን ጠረገች፤ ሲወጡና ሲገቡም ደገፈቻቸው፤ አሮጊቷ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳ አዞሩ። ይህ ነገር እስከ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ እንዲሁ ቈየ። አንድ ቀን ልጅቱ ከጎረቤት ልጅ ተምራ መጥታ «ቢሻን?» አለቻቸው፤ ውሃ ይፈልጋሉ ወይ ማለትዋ ነው። አነጋገርዋ የተጣመመ ነበርና አሮጊቷ ሣቁ፤ ቃሉንም ደግመው አስተካከሉላት። ውሃውን ሲቀበሉ «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑዋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጊቷ አስተማሪ፥ ልጅቱ ተማሪ ሆኑ። በየቀኑ አንድ አንድ ቃል ይሰጡዋታል፤ የትናንቱን ከረሳች በምርኵዛቸው መሬቱን መታ መታ ያደርጋሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ልጅቱ እንዲህ አለችኝ፤ «ልብሳቸውን ሳጥብ ድኻ እንደ ሆኑ አስታወስኋቸው፤ ቋንቋቸውን ስጠይቃቸው ግን የሚሰጡት ነገር እንዳላቸው አስታወስኋቸው።»

ይህ ነገር በቡራዩ መሆኑን አትርሱ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ በተነሣው ሁከት ብዙ ሰዎች ሞተዋል፤ በሺህ የሚቈጠሩም ቤታቸውን ጥለው ሸሽተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ባለፈበት አገር አንዲት የከተማ ልጅ በአንዲት አሮጊት ቋንቋ «ውሃ ላምጣልዎ?» ማለትዋ ታናሽ ነገር አይደለም። ክርስቲያን አገልጋይ ነኝ የሚል ሰው የዚህ ወገን ነኝ፥ የዚያ ወገን ነኝ ብሎ ሊያጥብና ሊመግብ አይችልም። ሳምራዊው ያነሣው ሰው የገዛ ወገኑ አልነበረምና።

ቡራዩን አልፎ የሚሄደው መንገድ አምቦን አቋርጦ ነቀምቴ ይደርሳል። ኦነሲሞስ ነሲብ የሚባለው ሰው በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ፥ በምጽዋ ነጻ ወጥቶ፥ በስዊድን ሚስዮናውያን ዘንድ ተማረ። አስቴር ጋኖም እንደ እርሱ በባርነት ከተወሰደች በኋላ ነጻ የወጣች ሴት ነበረች። እርስዋ ወደ 15,000 የሚደርሱ የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፤ የሕዝቡንም ዘፈንና ተረት ጻፈች። በዚህም ጥረት መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተተርጕሞ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ መጡና በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ፤ ኦነሲሞስም እ.ኤ.አ. በ1931 እስኪያርፍ ድረስ በዚያው ቈየ። ከመስበካቸው በፊት ቃል ለቀሙ፤ ከማስተማራቸው በፊት ሰሙ። ለአንድ ዓመት የሚሄድ ወጣት መጽሐፍ አይተረጕምም፤ ነገር ግን ሠላሳ ቃል ለመልቀም አንድ ዓመት ይበቃዋል። ሠላሳ ቃልም የአንዲት አሮጊት ፊት ከግድግዳው ለመመለስ ይበቃል።

ሦስተኛው በውጤቱ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ነው። ምደባውን ከመስማቱ በፊት ወደ እኔ መጥቶ «ዩኒቨርሲቲውን ትቼ ዓመቱን ለእግዚአብሔር ልስጠው» አለኝ። በዐይኑ ውስጥ እሳት ነበረ። እሳቱን ላጠፋበት አልፈለግሁም፤ ነገር ግን እሳት ምድጃ ያስፈልገዋል። የተመደበ ተማሪ በተጠራበት ቀን ካልቀረበ ቦታውን ሊያጣ ይችላል፤ ያ ቦታ ደግሞ በሺህ የሚቈጠሩ እኩዮቹ ያለቀሱበት ነው። እግዚአብሔር የሰጠህን መክሊት ጥለህ ለእግዚአብሔር አገለግላለሁ ማለት እንዴት ይስማማል? ስለዚህ ጥሪው እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ሁሉ ስጥ፤ ጥሪው ሲደርስ ግን ሂድ፤ ያልጨረስኸውንም በየእረፍቱ እየተመለስህ ጨርስ አልሁት። በዚያ ዓመት የመጠባበቂያው ጊዜ ረዝሞ ነበርና፥ ብዙ ወራት አገኘ።

ወደ ሰበታ ሄደ። ሰበታ ለረጅም ዘመን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፥ መርሐ ዕውራን የሚባለው፥ ያለባት ከተማ ናት። የጌቴሴማኒ የሴቶች ገዳምም በዚያው ነው፤ እናቶች መነኮሳይያት እየጸለዩ ወላጅ ያጡ ልጆችን ያሳድጋሉ። ወጣቱ በአካባቢው ለሚማር ለአንድ ዓይነ ስውር ተማሪ መጽሐፍ ማንበብ ጀመረ። በብሬል ያልተጻፈ መጽሐፍ ብዙ ነውና፥ ዓይነ ስውር ተማሪ የሰው ድምፅ ካላገኘ መጽሐፉ ለእርሱ የተዘጋ በር ነው። እስከዚህ ድረስ የእኛ ወጣት ዐይን ሰጪ፥ ያኛው ዐይን ተቀባይ ይመስል ነበር።

በሦስተኛው ቀን የታሪክ መጽሐፍ ሲያነብለት ዓይነ ስውሩ ተማሪ አቋረጠው፤ «አራት ነጥቡን ዘለልኸው፤ ይህ ዐረፍተ ነገር እዚህ አያልቅም» አለው። ወጣቱ ገልጦ ቢያይ እውነት ነበር። በሳምንቱ ደግሞ ያነበበለትን ምዕራፍ ዓይነ ስውሩ ከነዓመተ ምሕረቱ በቃሉ መለሰለት፤ አንባቢው ግን ከሁለት ገጽ በላይ አላስታወሰም። «አንተ ታነባለህ እንጂ አትሰማም» አለው ያ ተማሪ። ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ያለፈው ልጅ፥ ማንበብን እንደገና የተማረው በዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ እንዳጫወተኝ፥ ከማንኛውም የመሰናዶ ትምህርት ይልቅ ለኮሌጅ ያዘጋጀው እነዚያ ወራት ናቸው። ለራሱ ጥቅም ብሎ ግን አልሄደም ነበር። የአገልግሎት ትርፍ እንዲህ ነው፤ ሊያተርፍ ብሎ የሄደ ያጣዋል፤ ሳያስበው የሄደ ያገኘዋል።

እንግዲህ ከሦስቱ ያገኘሁት ትምህርት አንድ ነው። ስጦታ ተሸክሞ የሄደው ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ሊሰጡ ሄደው ለመቀበል የታዘዙት ሁለቱ ግን ሰጥተውም ተቀብለውም ተመለሱ። የሚያገለግሉትን ሰው አስተማሪ አድርጎ ያልተቀበለ፥ ያንን ሰው የገዛ ቸርነቱ ማሳያ ያደርገዋል። ድኻ ደግሞ ይህን ፈጥኖ ያውቃል፤ እንጀራውን ይቀበላል፥ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ከዚህ ተነሥቼ ዓመቱን ለመስጠት ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልምከራችሁ። አስቀድማችሁ የወላጆቻችሁን ምርቃት ተቀበሉ፤ ካልመረቁአችሁም ምክንያታቸውን አክብራችሁ ስሙ፤ ብዙ ጊዜ ቍጣቸው ፍርሃት ነው፥ ፍርሃታቸውም ፍቅር ነው። ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንደሚቈጥር፥ የመንገዱን፥ የምሳውን፥ የቤት ኪራዩን ወጪ ማን እንደሚሸፍነው ቍጠሩ፤ የሌላው ድኻ እንግዳ ሆናችሁ እንዳትቀመጡ። በቦታው ከሚኖር ሰው ሥር ሁኑ፤ ከከተማ የሚታዘዝ አገልግሎት የቦታውን ሕመም አያውቅም። የምትሄዱበትን ቋንቋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ተማሩ። የምትቀመጡበትን ጊዜ አሳጥራችሁ ተናገሩ፤ ከተናገራችሁት በላይ ቈዩ እንጂ በታች አትሁኑ። ስትሄዱም ልጆቹን ሰብስባችሁ ተሰናበቱ፤ የሚተካችሁንም ሰው አሳዩአቸው።

ከሁሉ ይልቅ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በአገራችን ኦርቶዶክሱ፥ ካቶሊኩ፥ ወንጌላዊው ሁሉ ክርስቶስን እሰብካለሁ ይላል፤ ይህ መብቱ ነው። ነገር ግን ዳቦ በአንድ እጅ ይዞ ሃይማኖት በሌላው እጅ መጠየቅ ንግድ ነው እንጂ አገልግሎት አይደለም። የተራበ ሰው የሚሰጠው የእምነት ቃል የሆዱ ቃል ነው። ስለ እምነታችሁ የሚጠይቃችሁ ካለ በትሕትና ንገሩት፤ የማይጠይቃችሁንም እንደዚያው አጥቡት፥ አንብቡለት፥ አብሉት። ፎቶግራፍ ማንሣትንም ተዉ። የሰው ችግር የእናንተ የደግነት ማስረጃ አይደለም፤ በስውር የሚያይ አምላክ ማስረጃ አይፈልግምና።

አንዳንዱ «እኩዮቼ ይቀድሙኛል» ብሎ ይሠጋል። የአንድ ዓመት መቅደም ምንድር ነው? ከአርባ ዓመት የሥራ ዘመን ውስጥ አንዱ ዓመት ቢጎድል የሚያስታውሰው የለም። ነገር ግን ሐኪም የሚሆነው ሰው የድኻን ልብስ አጥቦ ቢሆን፥ ዳኛ የሚሆነው ሰው በማያውቀው ቋንቋ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለምኖ ቢሆን፥ መምህር የሚሆነው ሰው ከዓይነ ስውር ተማሪ ፊት ተርሞ ቢሆን፥ ያ አንድ ዓመት በቀሩት ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ሁሉ ይታያል። ዛሬ ከየቢሮው የምናለቅሰው የተማረ ሰው በማጣታችን አይደለም፤ ተምሮ ከሰው ደጅ ቆሞ የማያውቅ ሰው ስለ በዛብን ነው።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ዓመቱ በእጅህ ላይ ከወደቀ አትዘንበት። አውሮፕላን አያስፈልግህም፤ ባሕርም አትሻገርም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት ለተቸገረ ሰው ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ሊረዳ ለሚፈልግ ሰውም ነው። በጅማ መንገድ፥ በአምቦ መንገድ፥ በጎጃም መንገድ ከሚሄደው ታክሲ በአንዱ ተሳፈር። ስትደርስ ምን ላስተምር ብለህ አትጠይቅ፤ ማን ያስተምረኝ ብለህ ጠይቅ። ከዚያም የጀመርኸውን ሳትጨርስ አትመለስ።